ያለበትን ቁጥር ላኪልኝ

ጥቅምት 9

ለታናሽ እህቴ ለሚጣ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺንም፣ ባለቤትሽንም፣ ልጆችሽንም በጤና ተሰብስባችሁ ያግኛችሁ። አባባ ደህና ነው። ዓይኑ ከዕለት ወደ ዕለት እየደከመ ሄደ እንጂ ጆሮውና ምላሱ እንደ ድሮው ናቸው። ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርሽ፣ የወለድሽውን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ ብሎሻል።

ስልክ የማልደውለው ተቀይሜ እንዳይመስልሽ። ስልክ ላይ እኔም አለቅሳለሁ፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ ይዘጋል። ልጄ ቀጮ ከሞተ ወዲህ ስንት ጊዜ ተደዋውለን አንድም ነገር አልተነጋገርንም። ወረቀት ይሻላል። እንደምታውቂው እኔ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢው።

የልጄ ዕቃ ያለበት ካርቶን ደረሰ። ከእናንተ አገር ያመጣችው ሴት በር ላይ አስቀምጣው ሄደች፤ ግቢ ብላት እሺ አላለችም። ምን ታድርግ፣ ጨንቋት ነው። ሁለት ሱሪ፣ ሹራቡ፣ የሥራ ጫማው፣ የጥርስ ብሩሹ ሳይቀር አለ። ልብሱ ሁሉ ታጥቦ ነው የመጣው። ለንጽሕናው ብለሽ እንዳጠብሽው ይገባኛል፤ ግን ሳይታጠብ ቢመጣልኝ ይሻለኝ ነበር። ሹራቡን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ያገኘሁት የሳሙና ሽታ ነው።

ከካርቶኑ ሥር በካልሲ የተጠቀለለ አንድ ዕቃ ነበር። መዳፍ የሚያህል፣ ዙሪያው ጥቁር ጎማ፣ ፊቱ ላይ ትንሽ መስተዋት ያለው፣ ጎኑ ላይ ቁልፎች ያሉት ነው። የድሮ ስልክ መስሎኝ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። አባባ ዳሰሰውና ራዲዮ ነው አለ። ራዲዮም አይደለም። ምን እንደሆነ ካወቅሽ ጻፊልኝ።

ሌላው፣ አባባ የቀብሩን ነገር ደጋግሞ ይጠይቀኛል። የነገርሽኝን እነግረዋለሁ፣ ቶሎ ያልቅብኛል። ማን ማን መጣ፣ ቦታው ምን ይመስላል፣ ጥላ አለው ወይ ይለኛል። እባክሽ ዘርዘር አድርገሽ ጻፊልን።

እህትሽ


ኅዳር 2

ለእታለም፣

ናፍቆቴ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ እንደሚደርስሽ አልጠራጠርም። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ሥራው፣ ብርዱ፣ የልጆቹ ትምህርት፤ ያው ሩጫ ነው። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። የእሱ ምርቃት ነው እዚህ ያቆመኝ በይው።

ዕቃው ጂፒኤስ ይባላል። ከሰማይ ከሳተላይት እየተቀበለ ያለሽበትን ቦታ በቁጥር የሚነግርሽ መሣሪያ ነው። ቀጮ የዕረፍት ቀኑን በሙሉ በእሱ ነበር የሚጨርሰው። ጂኦካሺንግ የሚሉት ጨዋታ አላቸው። አንዱ ትንሽ ሣጥን የሆነ ቦታ ይደብቅና የቦታውን ቁጥር ለሰው ሁሉ ያወጣል። ሌላው ቁጥሩን መሣሪያው ላይ አስገብቶ ፈልጎ ያገኘዋል። ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፋል፣ አንድ ዕቃ ወስዶ ሌላ ይተካል፣ መልሶ እዚያው ይደብቀዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሽልማት የለው፣ ምን የለው። ባለቤቴ ይህን የሚያህል ሰው ድብብቆሽ ይጫወታል እንዴ እያለ ይስቅበት ነበር።

ያን ጊዜ ለዕረፍት እናንተ ጋ ሲመጣም አንድ ሣጥን እዚያ ደብቄ መጣሁ ብሎናል። ሁለት ባትሪ አስገቢበት። መሣሪያው ላይ የሣጥን ምስል ያለበት ነጥብ የደበቀው ነው። የቤት ምስል ያለበት ደግሞ የእኛ ቤት ነው፤ እንደመጣ ሰሞን ሰፈሩ እየጠፋበት ተቸግሮ የመዘገበው ነው።

ስለ ቀብሩ፣ ሰው ሞልቶ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ፣ የሰፈሩ ሰው፣ የማላውቀው ሁሉ መጥቷል። ቦታው ከቤታችን በእግር የሚደረስ ነው። እሑድ እሑድ ከሥራ ስወጣ አበባ ይዤ እሄዳለሁ። ትልቅ ዛፍ አለ፤ ጥላ አለው በይው ለአባባ።

እታለም፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እዚያ ስለ እኔ የሚወራ ነገር ቢኖር ጆሮ አትስጪ። ሰው ሥራ ሲፈታ የማያወራው የለም። ለእሱ ያላደረግኩለት ነገር እንደሌለ አንቺው ለዘመድ ሁሉ ንገሪልኝ።

ሚጣ


ኅዳር 26

ለሚጣ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ለቀጮ ስላደረግሽው ሁሉ ውለታሽን እሱ አምላክ ይክፈልሽ። ደብዳቤሽን ለአባባ አነበብኩለት። ጥላ አለው የሚለው ላይ ስደርስ እጁን አንስቶ መረቀሽ። ለዘመድም ለጎረቤትም ነግሬያለሁ። ከዚህ በኋላ ስምሽን በክፉ የሚያነሳ የለም።

አሁን የመሣሪያውን ነገር ልንገርሽ። ባትሪ አስገባሁበት፣ በራ። ከዚያ ግን ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ብጠብቅ ብጠብቅ ሳተላይት እየፈለግኩ ነው ይላል መሰለኝ፣ አንድ መስመር ይመጣል ይሄዳል። ተበላሽቷል ብዬ ወደ ካልሲው ልመልሰው ነበር።

በማግስቱ የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ሱሪውን ሊያሳጥር ወደ ልብስ ስፌት ቤታችን መጣ። እኔ አሁንም እዚያው ነኝ፣ የደንብ ልብስ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ እሠራለሁ። ቀያሽ መሬት የሚለካው በእንዲህ ያለ ዕቃ ነው ሲሉ ስለሰማሁ አሳየሁት። ሳቀብኝ። "እትዬ፣ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጠው ሰማይን ጠብቀውት ነው?" አለኝ። ወደ ውጭ አወጣነው። እዚያም ቆየ። ከሩቅ አገር መጥቶ የት እንዳለ ጠፍቶታል፣ እንግዳ ነው፣ ይታገሡት አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቆይቶ ቆይቶ ራሱን አገኘ።

የሣጥኑን ምስል መርጠን ሂድ የሚለውን ስንጫን ቀስት መጣ። እኔ ቀስቱን ለማየት ቆም ስል ቀስቱ ይዞራል። ወደ ቀኝ ይላል፣ ወደ ግራ ይላል፣ ወደ ኋላዬ ይላል። የእኔው ዕቃ በእኔው አሾፈብኝ። ቀያሹ፣ ርካሹ ዓይነት ቆመው ሲያዩት አያውቅም፣ ሲሄዱበት ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ይራመዱ አለኝ። ተራመድኩ። እውነትም ቀስቱ ቀጥ አለ።

ቅዳሜ ብቻዬን ወጣሁ። መሣሪያው መንገድ አያውቅም፣ የሚያውቀው ቀጥታውን ነው። በሰው አጥር ግቢ፣ በቦዩ መሃል እለፊ ይለኛል። እኔ ዞሬ እመጣለሁ፣ እሱም ሳይቆጣ እንደገና ያሳየኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን ከእህል ወፍጮው ጀርባ ደረስን። እዚያ ሲቀርብ ደግሞ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ አንድ ቦታ አይረጋም። ቀያሹ አስቀድሞ መክሮኝ ነበር። ሲቀርቡ መሣሪያውን ኪስዎ ይክተቱትና በዓይንዎ ይፈልጉ፣ እሱ ቢሆን የት ይደብቀዋል ብለው ያስቡ ብሎኛል።

ልጄ የት ይደብቀዋል ብዬ ቆምኩ። ሚጣ፣ እንዲህ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሲሞት ጊዜ ሁሉም ሰው አስቢው እንጂ አታልቅሺ ይለኛል፤ እንዴት እንደሚታሰብ ግን የነገረኝ የለም።

የወፍጮው ሠራተኛ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ወጥቶ ምን ጠፍቶሽ ነው አለኝ። ቁልፍ አልኩት። ወርቅ ካገኘሽ እኔም ጎረቤት ነኝ፣ አትርሺኝ ብሎ ገባ። የተሰበረው የውኃ ቱቦ ውስጥ፣ ድንጋይ ተደግፎበት፣ በጥቁር ፕላስተር የታሸገ የምግብ ዕቃ አገኘሁ። ውስጡ እርሳስ፣ ፊሽካ፣ አንድ ብይና የታጠፈ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ላይ በራሱ እጅ "ቀጮ" ይላል። ከሥሩ የጻፈ ሰው የለም። እዚህ አገር ማን ፈልጎ። እኔ "እናቱ" ብዬ ጻፍኩ። ብዩን ወሰድኩና ከሥራ ቤት የያዝኩትን የኮት ቁልፍ ተካሁ። መልሼ እንደነበረው ደበቅኩት።

ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ታየኝ። ቁጥር ካለ ይቺን የምታህል ዕቃ ከቱቦ ውስጥ ይገኛል። እንግዲያው ልጄም ይገኛል። መቃብሩ ላይ ቆመሽ ስልክሽ የሚሰጥሽን ቁጥር ገልብጠሽ ላኪልኝ። መምጣት እንደማልችል አውቃለሁ። ግን ቀስቱ ወዴት እንደሚል ባውቅ፣ ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ወደዚያ አደርጋለሁ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

እህትሽ


ጥር 12

እታለም፣

ለአንቺም ለአባባም ጤና ይስጥልኝ። መልስ ያዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው፣ ፈረቃዬን ቀይረውብኛል። ትንሹም ልጅ ታሞብኝ ነበር።

ቁጥሩን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ታገኚዋለሽ። ዛሬ ከሥራ መልስ መቃብሩ ላይ ቆሜ ከስልኬ የገለበጥኩት ነው። ነፋስ ስለነበር ጽሕፈቴ ቢጣመም አትፍረጂብኝ። ያለፈው እሑድ ያስቀመጥኩት አበባ ገና አልደረቀም።

ከዚህ በኋላ ግን ዕቃውን ብታስቀምጪው ጥሩ ነው። ባለቤቴም ሰው ሐዘኑን በባትሪ አያቆይም ይላል። ለአንቺው ብለን ነው።

ሚጣ


ጥር 30

ለሚጣ፣

ትንሹ ልጅ ተሽሎት ያገኘው። ለአክስቱ ሲያድግ ይጻፍላት።

ቁጥሩ ደረሰኝ። አንድ በአንድ፣ ቀስ እያልኩ አስገባሁት። በቁልፍ ወደ ላይ ወደ ታች እያሉ ነው የሚጽፉበት፣ አንድ ቁጥር ካለፈሽ እንደገና ነው። ምስል ምረጪ ሲለኝ ከተደረደረው ውስጥ ለእሱ የሚሆን አጣሁ። ድንኳን አለ፣ መልሕቅ አለ፣ ዓሣ አለ። ዛፍ መረጥኩለት፤ ዛፍ አለ ብለሽኛላ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። መሣሪያው ነጥቦቹን ከቅርብ ወደ ሩቅ ይደረድራቸዋል። ዛፉና የአንቺ ቤት አጠገብ ለአጠገብ መጡ፣ ርቀታቸውም ልክ አንድ ነው። ካርታው ላይ ባየውም አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጧል። እስከሚችለው ድረስ አጎላሁት። ሲለያዩ በመሃላቸው ያለው ከበር እስከ ምድጃ ያህል ነው።

እኔ ተሳስቼ ይሆናል። ጀማሪ ነኝ፣ ጣቴም ወፍራም ነው። ቀያሹን ለምኜ ከመጀመሪያው እንዲያስገባልኝ አደረግኩ። እሱ ሲያስገባውም ያው ነው። ምናልባት ስልክሽ ይሆናል የተሳሳተው፣ ዕቃ አይታመንም። እሑድ ስትሄጂ ዳግመኛ ቆመሽ ገልብጪልኝ። እግረ መንገድሽንም በግራው ማን እንደተቀበረ፣ በቀኙ ማን እንዳለ እዪልኝ። ጎረቤቶቹን ማወቅ ፈልጌ ነው።

እህትሽ


መጋቢት 21

እታለም፣

ደህና ናችሁ ወይ። እኛ ደህና ነን።

ቦታው ለቤታችን ቅርብ ነው ብዬ ገና ድሮ ጽፌልሻለሁ። ቅርብ የሆነው ቅርብ ቢያሳይ ምን ይገርማል? ቀያሹም መሬቱን ይለካ። የእኔን ቤት ለካልኝ ብሎ የጠራው ማን ነው? ሰው እዚህ ጎንበስ ቀና ብሎ በሚሠራበት ሰዓት እናንተ እዚያ ተቀምጣችሁ በመጫወቻ እየለካችሁ እኔን ውሸታም ልታደርጉኝ ነው።

በግራው ሽማግሌ ነው ያለው። በቀኙ ገና ባዶ ነው። በቃሽ?

ለአባባ ግን እንዲህ ያለውን ወሬ አታሰሚው። ልቡ አይችልም። ስለ ልጅሽ አፈር ብለሽ ተይኝ፣ እኔም ሐዘንተኛ ነኝ።

ሚጣ


ሚያዝያ 14

ለሚጣ፣

ጤናሽን እመኛለሁ።

ቀያሹን አትቆጪው። ቁጥሩን ስልኩ ላይ እንዲያስገባ የለመንኩት እኔ ነኝ። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ አለ። ጣራ ይታያል፣ ግራጫ ጣራ። ነጥቡ ያረፈው ከጣራው ላይ ነው፣ በጓሮው በር በኩል። ልጄ አንቺ ቤት ሳለ የላከልኝ ፎቶ ላይ አንቺ ሰሃን እያጠብሽ ከኋላሽ የሚታየው መስኮት ያለበት በኩል ይመስለኛል።

ቀያሹ ጣቱን እያንሸራተተ ዙሪያውን ሁሉ ፈለገልኝ። መንገድ አለ፣ የኳስ ሜዳ አለ፣ ረጃጅም መጋዘኖች አሉ። በእግር በሚደረስ ቦታ መቃብር የለም። ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ ልጅ ነው፤ ያን ቀን ግን ስልኩን አጥፍቶ ሄደ። ሊያስጠግን ያመጣውን ሱሪ እንኳ ረስቶ ነው የሄደው።

ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ ነው የጻፍሽልኝ። ስልኩ የሚናገረው አንቺ ያለሽበትን እንጂ ልጄ ያለበትን አይደለም። ይህን እኔ የማላውቅ መስሎሽ ነው። እኔም እስከ ኅዳር ድረስ አላውቅም ነበር።

አልቆጣሽም፣ አልረግምሽም፣ ለማንም አልናገርም። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ልጄ የት ነው?

እህትሽ


ሰኔ 8

እታለም፣

ሄጄ መጣሁ። አዲሱ ቁጥር ከታች አለ። ይሄኛው ልክ ነው።

ረጅም የባቡር መንገድ ነው። ከባቡሩ በኋላ አውቶቡስ አለ፣ ከዚያ ደግሞ በእግር። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ስሙን ስነግረው አላወቀውም። የሞተበትን ወር ስነግረው ነው ወስዶ ያሳየኝ። ሣር በቅሎበታል። አጭር እንጨት ላይ ቁጥር ተጽፏል፣ ስም የለውም። ዛፍ የለም።

ቀጮ ከእኛ ቤት ከወጣ ቆይቶ ነበር። ከባለቤቴ ጋር አልተስማሙም። በትንሽ በትልቁ ይጋጫሉ፣ ሳሎን መተኛቱ፣ ማምሸቱ፣ በጭቃ ጫማ መግባቱ። በመጨረሻ ባለቤቴ ወይ እሱ ወይ እኔ አለኝ። ሁለት ልጅ ይዤ ምን ልበል? እኔ ውጣ አላልኩትም። ዝም ነው ያልኩት። ሌላ ከተማ ሄዶ መጋዘን ተቀጠረ። እሱም ለእናቴ እንዳትነግሪያት፣ ትሰጋለች ብሎ አስምሎኛል። የሞተው በልቡ ነው፣ ይሄ እውነት ነው፣ ሐኪም ያለው ነው። የሥራ ጓደኞቹ ናቸው የቀበሩት። ለእኔ ሲደወልልኝ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ካርቶኑን ያሰረው አከራዩ ነው። ልብሱንም ያጠብኩት እኔ አይደለሁም፤ ስለዚያ መርቀሽኝ ከሆነ ምርቃቱን መልሺው።

እና ይህን ያን ጊዜ ብነግርሽ ምን ይጠቅምሽ ነበር? ዛፍና አበባ ያልኩሽ እንዲቀልልሽ ነው። በክፋት አይደለም። ደብዳቤሽ ሲመጣ ፖስታውን ሳልከፍተው ለቀናት ኩሽና ውስጥ ይቀመጣል። አንቺ አንድ ጊዜ ነው ያዘንሽው፤ እኔ ግን ደብዳቤሽ በመጣ ቁጥር ነው።

አንድ ልመና አለኝ። አባባ እንዳይሰማ። እባክሽ፣ እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ። ምርቃቱን ሳያነሳብኝ ይለፍ።

ሚጣ


ሐምሌ 3

ለሚጣ፣

እንደ ሌላው ጊዜ ጤናሽን ጠይቄ ልጀምር ብዬ ወረቀቱን ሳይ ዋልኩ። አልመጣልኝም። ስለ ልጆችሽ ስትይ ደህና ሁኚ።

ቁጥሩን አስገባሁት። ቀያሹን አልጠራሁም፣ አሁን ራሴ እችላለሁ። ነጥቡ ከቤትሽ ርቆ ብቻውን ተቀመጠ። አመንኩሽ። ሰው ሊዋሽ ሲፈልግ ያን ያህል ርቆ አይሄድም።

ብነግርሽ ምን ይጠቅምሽ ነበር ብለሻል። ልመልስልሽ። ልጄ ሰው አጥቶ፣ የሰው እጅ እያየ ሞተ ብዬ አለቅስ ነበር። የሚገባው ልቅሶ ያ ነበር። እኔ ግን ሰው ሞልቶለት ነበር፣ አበባ አለው፣ ጥላ አለው እያልኩ፣ አንቺን እየመረቅኩ፣ ጎረቤቱን ሁሉ እያስመረቅኩ ከረምኩ። ሌላ ልጅ ነው ያስለቀስሽኝ። ያንን ልቅሶ መልሼ ከየት ላምጣው? ደክሞኛል፣ ዓይኔም ደርቋል፣ የእሱ ግን ገና አልተለቀሰም።

እሱ እንዳልሰጋ ብሎ ደበቀኝ። ልጅ ነው፣ ለእናቱ ነው። ያንቺን ከእሱ ጋር አትቀላቅዪው።

የአባባን ነገር ልንገርሽ። ፖስታውን የተቀበለው እሱ ነው። ፖስተኛው ከእነ ሚጣ ነው ብሎ እጁ ላይ ሲያስይዘው ደስ ብሎት እስክመጣ በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አንብቢልኝ አለ። ገልጬ የመጀመሪያውን መስመር ሳየው እየዘለልኩ ላነብለት አሰብኩ። ሁለት መስመር እንደሄድኩ ድምፄን ሰምቶ "ከላይ ጀምሪ" አለኝ። ከላይ ጀመርኩ። እንዳይሰማ ያልሽውንም ጭምር አነበብኩለት። አንቺ ስለሱ የለመንሽኝን እሱ ራሱ ሰማው። አልረገመሽም።

ቆይቶ ልጁ በየት በኩል ነው አለኝ። እጁን ይዤ ግቢ ወጣን። ቆመን ስለማይሆን ቀስ እያልኩ አራመድኩት። ቀስቱ ሲስተካከል በዚያው ይዤው ሄድኩ፤ የጎረቤት ግንብ እስኪያቆመን ድረስ። በዚህ በኩል ነው፣ ከግንቡ ወዲያ፣ በጣም ሩቅ ነው አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ። ግንቡን በመዳፉ ነካ አደረገው። ብዙ ቆየ። ዝናብ ሊመጣ ነው እንግባ ብለውም አልሰማኝም።

ከዚያ ፊቱን ከግንቡ ሳይመልስ "ሚጣስ በየት በኩል ናት?" አለኝ።

መሣሪያው በእጄ ነበር። ከእኛ ግቢ ሆኖ ለሚያይ ሁለታችሁም በአንድ አቅጣጫ ናችሁ።

አላውቅም አልኩት።